በዚህ ወር ቢነበቡ

ደሃቦ ቲቸር መለሰን ያወቀችው በአንድ ማመልከቻ ምክንያት ነው።

ጊዜው የ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ነበር። ደሃቦ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ታላቅ ወንድሟ ዐብዲረዛቅ ከሦስት ዓመት በፊት ከሱቁ ደጃፍ ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል። ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ ታስሮ ይሆናል ከሚል ወሬ በቀር ዓይኑን ያየ ሰው የለም። በዚያን ጊዜ ስለ ታሰረ ሰው መጠየቅ ቀጥሎ የምታሰረው እኔ ነኝ እንደማለት ስለነበር ዘመድም ጎረቤትም ዝም ብሏል። እናታቸው ዐዎ ግን አንድ ቀን ጠዋት ከሰላት ስትነሳ ልጇን ጠራቻትና፣

"ሳልጠይቅ መሞት አልፈልግም። አንቺ መጻፍ ትችያለሽ። ጻፊ" አለቻት።

ደሃቦ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት የሚላክ ማመልከቻ በእጇ ጻፈች። አማርኛዋ የገበያና የቢሮ አማርኛ ነው፤ ደብዳቤ ወጪና ገቢ ማድረግ እንጂ የልብን መናገር አልለመደበትም። ቢሆንም ሦስት ገጽ ሞላች። ከዚያም ከመሥሪያ ቤቷ ራቅ ወዳለ ሰፈር፣ ማንም ወደማያውቃት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ልታስተይብ ሄደች።

ባለ መደብሯ ሮዛ ትባላለች። የመጀመሪያውን ገጽ እስከ ግማሽ አንብባ ወረቀቱን አጠፈችና መለሰችላት።

"እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር እዚህ አንተይብም።"

"ለምን?"

"ለምን ትይኛለሽ? አንቺ እዚሁ አገር አይደለሽም እንዴ?"

ደሃቦ ወረቀቱን ይዛ ልትወጣ ስትል ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ረዘም ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ብቅ አለ። የሮዛ ባል ነው፤ መለሰ ይባላል። ከወሎ መጥቶ ጅግጅጋ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህር ከሆነ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።

"እስቲ አሳዪኝ" አላት። ቆሞ ሦስቱንም ገጽ አነበበ። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ፣ "'አቤቱታ' ሲጻፍ 'ቤ' ነው፤ አንቺ 'በ' ብለሻል። ሌላው ሁሉ ልክ ነው" አለና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ።

"መለሰ!" አለች ሮዛ።

"በሩን ገርበብ አድርጊው" አላት ዘወር ሳይል።

ሮዛ በሩን ገርበብ አደረገችው። እየተቆጣች ግን አደረገችው።

ማመልከቻው ታትሞ ሲያልቅ መለሰ ሌላ አንድ ወረቀት ጨምሮ ሰጣት። በእጅ ተጽፎ የተባዛ ነው። ከላይ "በዚህ ወር ቢነበቡ" ይላል። ከሥሩ አራት መጻሕፍት ተዘርዝረዋል፤ ከእያንዳንዱ ርእስ ግርጌ ደግሞ ማን ቢያነበው እንደሚጠቅመው አንድ መስመር ሰፍሯል። አንደኛው፣ "ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ ለሚመስለው ሰው" ይላል። ሌላው፣ "ተሰልፎ ተራው ሳይደርስ መስኮቱ ለተዘጋበት።" ሌላው ደግሞ፣ "ሕግ የሚወጣው ለሌላ ሰው ነው ብሎ ለሚያስብ።"

"ሁለተኛው ላንቺ ነው" አላት። "ከኋላ መደርደሪያው ላይ አለ። ወስደሽ አንብቢው። ስትጨርሺ መልሺው።"

"አማርኛ ማንበብ ብዙም አልችልም፣ ቲቸር።"

"ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው እንዴት አይችልም?"

መጽሐፉ የአንዲት ዳኛ ማስታወሻ ነበር። ማስረጃ ሳይቀርብልኝ አልፈርድም በማለቷ ከችሎት የተነሳች ሴት ነች። ደሃቦ መጽሐፉን ለመጨረስ አምስት ሳምንት ፈጀባት። ያልገቧትን ቃላት በእርሳስ እያሰመረች፣ ሐሙስ ሐሙስ ከዐሱር ሰላት በኋላ ወደ መደብሩ እየሄደች ትጠይቀዋለች። እሱም አንዱን ቃል ልንገርሽ ብሎ ይጀምርና ወሬው ሌላ ቦታ ይደርሳል። "ይግባኝ" የሚለውን ቃል ሲያስረዳት ጀንበር እንደጠለቀች ታስታውሳለች። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀው ነበር፤ መብት መሆኑን ግን አታውቅም ነበር።

ለማመልከቻው መልስ አልመጣም። ሐሙሱ ግን ቀጠለ። መጀመሪያ መጽሐፍ ልትመልስ ትሄድ ነበር፤ በኋላ በኋላ ሳታነብም መሄድ ጀመረች። መለሰ የማይስማማበትን መጽሐፍ ሳይቀር በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባል። ስለ መሬት ጥያቄ የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጥቷት ስትመልስ፣ "እንዴት ነው?" አላት።

"ሰውዬው አርብቶ አደር አይቶ አያውቅም። መሬት ማለት የሚታረስ ብቻ ይመስለዋል።"

መለሰ ሳቀ። ቀጥሎ ባወጣው ዝርዝር ላይ ያንኑ መጽሐፍ በድጋሚ አስገባና ከሥሩ፣ "መሬት ማለት የሚታረስ ብቻ ለሚመስለው። ደራሲውን ጨምሮ" ብሎ ጻፈ። ደሃቦ የተናገረችው ነገር በወረቀት ተጽፎ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ወረቀቱን ለብዙ ቀን በቦርሳዋ ይዛው ዞረች።

አንድ ሐሙስ ደግሞ፣ "እናንተ ዘንድ ስለ ፍትሕ የተጻፈ ነገር የለም?" ብሎ ጠየቃት።

"የተጻፈስ እንጃ። የሚባል ግን አለ። እናቴ ጋ ሞልቷል።"

በሚቀጥለው ሳምንት መለሰንና ሮዛን ቤቷ ወሰደቻቸው። ዐዎ በሄልና በቀረፋ የፈላ ሻሂ በወተት አቀረበችላቸው። ሮዛ እንደ ሠፈሩ ልጆች "ኤዶ" እያለች፣ አክስቴ እንደማለት፣ ጠራቻት። ዐዎም ዓይኗን ጨፍና በሶማሊኛ ግጥም አለች፤ ደሃቦ እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችው።

"ከዛፍ ሥር የተቀመጥክ ዳኛ ሆይ፣ ጥላው ወዴት እንደዞረ ተመልከት። ጠዋት ጥላ ያገኘው ሰው አሁን ፀሐይ ላይ ነው። አንተ ግን ከተቀመጥክበት አልተነሳህም።"

መለሰ እስክሪብቶ አወጣ፤ መልሶ ከተተው። "ይኼ በአንድ ቀን የሚጻፍ አይደለም" አለ። "ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ደብተር ይዤ መጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንጽፈዋለን።" በወሩ ዝርዝር ላይም አምስተኛ አድርጎ፣ "ወይዘሮ ዐዎ፤ ገና ያልተጻፈች መጽሐፍ። የምትገኘው በቤቷ ነው" የሚል አሰፈረ።

ክረምቱ መጣ። የ2010 ሐምሌ ተገባደደ።

በሐምሌ የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ተገለባበጠ። ወጣቶች እየተቧደኑ የሌላ አገር ሰው ነው ያሉትን ሱቅ ይሰብሩ፣ ያቃጥሉ ጀመር። የተኩስ ድምፅ ይሰማል። ደሃቦ ሻርፗን አንስታ ልትሮጥ ስትል እናቷ ያዘቻት።

"አንቺን ይገፉሻል። እኔን ግን አይገፉኝም" አለችና ምርኩዟን ይዛ ወጣች።

ዐዎ ስትመለስ መለሰና ሮዛ ከኋላዋ ነበሩ። ሮዛ የዐዎን ልብስ ጫፍ ይዛለች። በመንገድ ላይ የቆሙትን ልጆች አሮጊቷ በአባታቸው ስም እየጠራች ስትሰድብ ነበር የመጣችው። ከሰዓት በኋላ ጥቂት ልጆች ደጃፉ ላይ መጥተው፣ "ቤት ውስጥ ሀበሻ አለ?" ብለው ጠየቁ። ዐዎ በሩ ላይ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች።

"እንግዶች አሉኝ" አለቻቸው። "እንግዳዬን የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ከዚህ ወንበር አንሱኝ። የማን ልጅ እንዳነሳኝ ግን ነገ ለከተማው እናገራለሁ።"

ልጆቹ ተያዩና ሄዱ።

በመደብሩ በኩል ጥቁር ጭስ ይታይ ነበር። ሮዛ ሁለት ጊዜ ወጥታ አየችው። መለሰ ግን አላየም። ምንጣፉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ፤ ሦስት ቀን እንዲያው ነበር። ደሃቦ ምግብ ስታቀርብለት "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል እንጂ ቀና ብሎ አያያትም። ልታወራው ብዙ ጊዜ ሞከረች። ያነበበችው ሁሉ ለዚህ ቀን የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አልሰጣትም።

ማክሰኞ ወታደሮች አውቶቡስ አጅበው ወደ ሐረር መንገድ ሰዎች ማውጣት ጀመሩ። ሮዛ ዐዎን አቅፋ አለቀሰች። መለሰ የዐዎን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም።

"ቲቸር፣ ስትደርሱ ደውሉልኝ" አለችው ደሃቦ።

ራሱን ነቀነቀ። አልደወለም።

በመስከረም 2011፣ የክልሉ መሪዎች ሲለወጡ፣ ዐብዲረዛቅ ተፈታ። ሰው በየመንገዱ እየዘፈነ የተፈቱትን ይቀበል ነበር። ወንድሟ ከመኪና ሲወርድ አላወቀችውም፤ እሱ ነው ያወቃት። ዐዎ ፊቱን በመዳፏ እየዳበሰች ቆየች፤ ሌላ ሰው እንዳይሆን የፈራች ትመስል ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ደሃቦ ከሰው መሃል ወጥታ ግቢው ጥግ ላይ ቆመችና የመለሰን ቁጥር መታች። ዝግ ነው። የሮዛን መታች። እሱም ዝግ ነው። ወንድሟን ያስፈታው ማመልከቻው እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን ያ ማመልከቻ ሲተየብ በሩን ገርበብ ያደረጉላት ሁለት ሰዎች ናቸው። ዐብዲረዛቅ መጣ የሚለውን ቃል ለነሱ በአማርኛ ለመናገር እንዲህ እመኛለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ከዐሱር በኋላ የምትገባበት ይጠፋታል። የተቃጠለው መደብር ፈርሶ ልብስ ቤት ተሠርቶበታል። እሷ ዘንድ የቀሩት በውሰት የወሰደቻቸው አሥራ አንድ መጻሕፍት ብቻ ናቸው፤ እሳቱ ያልደረሰባቸው እነሱ ብቻ ናቸው። ደግማ አነበበቻቸው። ሐሳብ ሲመጣላት ልትነግረው ቀና ትላለች። የሚያናድዳት ነገር ስታገኝ ደግሞ ይበልጥ ይናፍቃታል፤ መለሰ የሷን ንዴት ይወድ ነበር።

የአጎቷ ልጅ ዋሪስ አንድ ቀን መጽሐፍ ይዛ ብታያት፣ "አሁንም በነሱ ቋንቋ ነው የምታነቢው? ወንድምሽን እያየሽ?" አለቻት።

ዐብዲረዛቅ ከተጋደመበት ድምፅ አሰማ። ከተፈታ ወዲህ በቀን አሥር ቃል የሚናገር ሰው አልነበረም።

"እኔን የገረፉኝ በሶማሊኛ ነው" አለ። "ቋንቋው ምን አደረገ? ተያት ታንብብ።"

በ2012 ደሃቦ ወደ ሲቲ ዞን፣ ወደ ኤረር ተዛወረች። ኤረር ሙቀቱ የሚያቀልጥ፣ ፍል ውሃ ያላት፣ አሮጌው የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ነች። በሴቶች ጉዳይ ባለሙያነት ተመድባ በየቀበሌው ስትዞር፣ የተፈታች ሚስት ምን እንደሚገባት፣ የቀበሌ መታወቂያ የተከለከለች ሴት ለማን አቤት እንደምትል የሚጠይቋት በዙ። አንድ ቀን በቢሮዋ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በሶማሊኛ ነው። ርእሱን ሌላ ለማድረግ ሞክራ ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። "በዚህ ወር ቢነበቡ" ብላ ጻፈች።

ከአሥራ አንዱ መጻሕፍት አራቱን ዘረዘረች። መጀመሪያ የመጣችው ሂንዳ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ቀጥሎ ከመሃል አገር የተመደቡ ሁለት መምህራት መጡ፤ ከዚያ ማንበብ የማይችሉ፣ ሲነበብላቸው ግን የሚከራከሩ ሴቶች መጡ። ቀኑን ሐሙስ አደረጉት። ደሃቦ ታነባለች፤ ሂንዳ ትተረጉማለች። ጥሩ ነበር። ጥሩ በሆነ ቁጥር ግን አንድ ወንበር ባዶ የሆነ ይመስላታል።

ዐዎ በ2014 አረፈች። ከመሞቷ በፊት ደሃቦ ስልኳ ላይ የተወሰኑ ግጥሞችን ቀርጻ ነበር። አብዛኛው ግን አልተያዘም። እናትዋ ያን ጊዜ መርሳት ጀምራ ነበርና ጅምሩን ትላለች፤ ከዚያ ትስቅና፣ "ያ መምህር የታለ? እሱ ሲመጣ ይመጣልኛል" ትላታለች።

እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ሊሞላ ተቃረበ።

በ2016 ጥር ላይ ሳሚር የሚባል የመሥሪያ ቤታቸው ሾፌር በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ቆሞ ሲያነብ አየችው።

"ይኼን የመሰለ ወረቀት ሌላ ቦታ አይቻለሁ" አላት።

"የት?"

"ባቢሌ። መኪና ተበላሽቶብኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፤ ያረጀ ነው፣ ዳር ዳሩ የተቃጠለ። አምስተኛው ላይ የሱማሌ ሴት ስም አለበት።"

ደሃቦ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ባቢሌ! ከጅግጅጋ ወደ ሐረር ስትሄድ የካራማራን ተራራ ወርደህ፣ የዳካታን ሸለቆ አልፈህ የምትደርስባት፣ አውቶቡሱ ሁሉ ለለውዝ የሚቆምባት ከተማ። እሷ ራሷ ከአሥር ጊዜ በላይ አልፋባታለች። እነሱ ወሎ፣ ወይም አዲስ አበባ፣ ወይም ሌላ አገር ሄደው ይሆናል ብላ ነበር የተጽናናችው። ከጅግጅጋ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጦ ስድስት ዓመት ያልደወለ ሰው ግን እንዴት ይታሰባል? ያን ሳምንት ናፍቆቷና ንዴቷ ሲፈራረቁባት ሰነበተ።

ቅዳሜ ጠዋት በድሬዳዋና በሐረር አድርጋ ባቢሌ ገባች። መደብሩን ለማግኘት አልተቸገረችም። ሮዛ ወፍራለች፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ደሃቦን ስታይ የያዘችውን ወረቀት ጣለች።

"ደሃቦ! ደሃቦዬ!" አቅፋ አላላቅቅ አለቻት። "ኤዶስ? ኤዶ እንዴት ነች?"

ደሃቦ አንገቷን ደፋች፤ ሮዛ ገባት። መደርደሪያው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

መለሰ ከቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ለምሳ ሲመጣ ደሃቦን በሩ ጋ ተቀምጣ አገኛት። ቆመ። ሸሚዙ ሰፍቶታል። እሷ ስትጠብቅ የነበረው ሰላምታ ሁሉ ጠፋባትና፣

"ለምን አልደወሉልኝም?" አለችው።

"ግቢ፣ ቁጭ ብለን..."

"ቁጭ ብያለሁ፣ ቲቸር። ለምን አልደወሉልኝም?"

መለሰ ደረጃው ላይ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ሴቶች ለውዝ በሳህን እያነሱ ለተሳፋሪ ያሳያሉ።

"እናትሽ ቤት በተቀመጥኩባቸው ሦስት ቀናት ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አላት። "እየጠላሁ ነበር። ያስተማርኳቸውን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራሁ ነበር የምጠላው። ከዚያ ስም ጥሪው አልቆብኝ ሕዝቡን በሙሉ መጥላት ጀመርኩ። የእናትሽን እንጀራ እየበላሁ። በሩ ላይ ስለኔ ተቀምጣ እያየኋት።"

ደሃቦ ወደሱ ዞረች።

"ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው፣ ይኼን አንብብ፣ ያኛውን አንብብ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው በጅምላ አይፈረድም ብዬ አስተምሬ እኔው በጅምላ ፈረድኩ። እንዴት አድርጌ ልደውልልሽ? እናትሽን ላመሰግናት አፌን ስከፍት እንኳ ውሸት መሰለኝ። ትንሽ ይብረድልኝ፣ ልቤ ይጥራልኝና እደውላለሁ አልኩ። ቆየብኝ።"

"እና አሁን ጠርቷል?"

"አንዳንድ ቀን።"

"እኔም ወንድሜን ያሰሩትን እጠላለሁ" አለች ደሃቦ። "እስከ ዛሬ። ከነሱ አንዱ ኤረር ፍል ውሃው ጋ ይመጣል፣ ልጆቹን ይዞ። ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ማንበቤ አላስተወኝም። እኔ ግን ይኼን ለማን ልንገር ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈለግኩት እርስዎን ነው። ንጹሕ ሆነው እንዲመጡ አይደለም የፈለግኩት።"

መለሰ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ ሳያደርገው እጁ ላይ ያዘው።

"እናትሽ መቼ ነው ያረፈችው?"

"በ2014። ግጥሙ ሲጠፋት፣ መምህሩ ሲመጣ ይመጣልኛል ትል ነበር።"

ይህን ስትለው ልታሳምመው ፈልጋ ነበር። ሲያመው ግን ደስ አላላትም። መለሰ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን መዳፎቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ሮዛ ከውስጥ ወጥታ ከኋላው ቆመች።

ምሳ አብረው በሉ። ስለ ኤረር ጠየቃት፤ ነገረችው። ሴቶቹ የዳኛዋን ማስታወሻ ሲሰሙ፣ "ባል የላትም እንዴ? ባሏ ምን አለ?" ብለው ለሁለት ሐሙስ እንደተከራከሩ ስትነግረው ሳቀ፤ የድሮው ሳቅ ለአፍታ መጥቶ ሄደ። አሥራ አንዱን መጻሕፍት ልመልስልዎ ስትለው፣ "አንብቢበት። እኔ ዘንድ ሥራ የላቸውም" አላት። መደብሩ ከተቃጠለ ወዲህ ዝርዝር ጽፎ እንደማያውቅም ነገራት። ግድግዳው ላይ ያለውን የለጠፈችው ሮዛ ነች፤ ከአመዱ ውስጥ ያገኘችው ወረቀት እሱ ብቻ ነበር። እሱ አንሺው ሲላት እምቢ ብላለች።

"ኤረር ይምጡ" አለችው ደሃቦ ስትሰናበት። "ጅግጅጋ አላልኩም። ኤረር፣ አንድ ሐሙስ።"

"እመጣለሁ።"

"እውነት?"

"እመጣለሁ አልኩሽ።"

መደወል ጀመረ። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት። ያወራሉ፤ ይከራከራሉ። ግን መምጫው ሐሙስ ሲቀርብ አንድ ነገር ይፈጠራል፦ ፈተና አለብኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም አሉ። ሚያዝያ ላይ እስከ ድሬዳዋ ደረሰ። መነኻሪያው ጋ ሆኖ ደወለላት። ተሳፋሪዎቹ በሶማሊኛ ሲያወሩ ሲሰማ እግሩ አልነሳ እንዳለው፣ ምንም እንዳላደረጉት፣ እንዲያውም አንዱ ቦታ እንደለቀቀለት ነገራት። "ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። እኔ ነኝ" አላት።

"ይመለሱ፣ ቲቸር" አለችው። "ግድ የለም፣ ይመለሱ።"

ስልኩን ዘግታ የቢሮዋን መስኮት ከፈተችና ወደ ሐዲዱ ስታይ ቆየች። የሚናፍቃት ሰው ድሬዳዋ መነኻሪያ የቆመው ሰው እንዳልሆነ ያን ቀን ገባት። የምትናፍቀው ያን መደብር፣ ያን መደርደሪያ፣ ቃል ሲያስረዳ ጀንበር የምትጠልቅበትን መለሰ ነው። እሱን ደግሞ ባቢሌም ብትሄድ፣ የትም ብትሄድ አታገኘውም። ይህን ማወቋ ናፍቆቱን አልቀነሰላትም። ንዴቷን ግን ወሰደላት።

ግንቦት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ እመጣለሁ ሳትል ሮዛ መጣች። ብቻዋን። ከሚኒባሱ ስትወርድ በላብ ተጠምቃለች፣ አንድ ኩንታል የሚያህል ዘንቢል ይዛለች።

"ይኼ ምን ዓይነት ሙቀት ነው እናንተ ዘንድ!" አለች ከሰላምታ በፊት።

"ቲቸርስ?"

"ቤት ነው። ና አልኩት፣ እምቢ አለኝ። እንግዲያው እኔ ልሂድ አልኩት።" የዘንቢሉን አንድ ጆሮ ደሃቦን አስያዘቻት። "እኔኮ ፈሪ ነኝ። የሱ ፍርሃት አሁን የጀመረው ነው፣ የኔ ግን የቆየ ነው። የቆየ ፍርሃት ደግሞ ይለመዳል።"

በቢሮው አዳራሽ አሥራ ሁለት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሂንዳ እንግዳዋ ማን እንደሆነች ጠየቀች። ደሃቦ ልትናገር ስትል ሮዛ ቀደመቻት። ጫማዋን አውልቃ ከመካከላቸው ተቀመጠችና በተሰባበረ ሶማሊኛ ጀመረች። ሲያልቅባት ወደ አማርኛ ትሻገራለች፤ ሂንዳም ትተረጉማለች። ስለዚያ ቅዳሜ ነገረቻቸው። እሷ ተደብቃ የነበረችበት የመደብሩ ጀርባ እንዴት እንደጨለመ፣ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ በሩን መታ፣ "ሮዛ፣ እኔ ነኝ፣ ውጪ" እንዳለቻት፣ መንገድ ላይ የያዘችው ልብስ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደነበር ነገረቻቸው። ደሃቦ ይህን ሰምታው አታውቅም። እናቷ ሄዳ ማምጣቷን እንጂ እንዴት እንዳመጣቻቸው ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ዐዎም ያደረገችውን የምታወራ ሴት አልነበረችም።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠችው፣ ጥያቄ አላት።

"ልጆቹስ? ያቃጠሉት? አሁን ብታገኚያቸው ምን ትያቸዋለሽ?"

ሮዛ አሰበች። "አላውቅም" አለች። "እናንተ ብትሆኑስ?"

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ሂንዳ መተርጎሙ አቅቷት እጇን አነሳች። ያን ቀን የተያዘው መጽሐፍ ሳይከፈት ዋለ። ደሃቦ ደብተር አውጥታ አንዷ የምትለውን መጻፍ ጀመረች፤ ሌላዋ ስትቀድማት ወደዚያኛዋ ዞረች። ቀስ በሉ፣ አንድ በአንድ፣ ብላ ጮኸች። የሰማት ግን አልነበረም።